መጀመሪያ የሲፒዩውን ጀርባ ፎቶ አስልኩ

ውጭ አገር የምትኖሩ፣ ባሕር ዳር ያለ ዘመድ «ስትመጡ ስክሪን ያዙልን፣ በሁለት ልንሠራ ነው» ሲላችሁ ቶሎ ብላችሁ ሱቅ አትግቡ። መጀመሪያ ሲፒዩውን፣ ማለት የኮምፒውተሩን ሳጥን፣ አዙረው ጀርባውን በስልክ ያንሱና በቴሌግራም ይላኩላችሁ። የትኛውን ሞኒተር እንደምትገዙ የሚወስነው ያ ፎቶ ነው።

እኔ ሳልጠይቅ ገዝቼ ነው የተማርኩት። እህቴ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሥራ አላት። ተማሪዎች በእጃቸው የጻፉትን ፎቶ አንስተው ይልኩላታል፣ እሷ ትተይባለች። በአንድ ስክሪን ፎቶውንና ጽሑፉን ስታፈራርቅ ውላ ማታ ስትደውል «ጋሼ፣ ዓይኔ አለቀ» ትለኝ ነበር። አሳዘነችኝ። ሁለት አዳዲስ ሞኒተሮች በጋቢ ጠቅልዬ ይዤላት ገባሁ። ሁለቱም የሚቀበሉት ኤችዲኤምአይ የሚባለውን የስክሪን ገመድ ብቻ ነው። የእሷ አሮጌ ዴል ጀርባ ላይ ያለው ደግሞ አንድ ሰማያዊ ቪጂኤና አንድ ዲስፕሌይ ፖርት የሚባሉ ሌሎች የስክሪን መሰኪያዎች ናቸው። ሞኒተሮቹ አንድ ሳምንት ሙሉ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ።

ከዲስፕሌይ ፖርቱ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚያገናኝ ኬብል ርካሽ ነው፣ ይሠራል። ግን የሚሠራው ከኮምፒውተሩ ዲስፕሌይ ፖርት ወደ ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው። የኮምፒውተሩ ኤችዲኤምአይ ሆኖ የሞኒተሩ ዲስፕሌይ ፖርት ከሆነ ያው ኬብል ተገልብጦ አይሠራም። ቪጂኤ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ አናሎግ፣ ማለት ዲጂታል ያልሆነ፣ ስለሆነ ወደ ኤችዲኤምአይ ለመቀየር ከዩኤስቢ ኃይል የሚወስድ ኮንቨርተር ይፈልጋል። ከዚህ ሁሉ ቪጂኤም ዲስፕሌይ ፖርትም ያለው ያገለገለ የቢሮ ሞኒተር ብትፈልጉ ይሻላል። እናንተ ጋ በርካሽ ይሸጣል፣ ለጽሕፈት ሥራ ምንም አይጎድለውም።

ሦስት ስክሪን ከተፈለገ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ጠይቁ። «አይ5-2400» ዓይነት፣ ከሰረዙ ቀጥሎ 2 ካለ፣ ኮምፒውተሩ በራሱ ግራፊክስ በአንድ ጊዜ ከሁለት ስክሪን በላይ አያወጣም። 3 ካለ፣ ለምሳሌ «አይ5-3470»፣ ሶኬቱ ካለው እስከ ሦስት ይችላል።

ሶኬቱ ካልበቃ ግራፊክስ ካርድ፣ ማለት የራሱ የስክሪን መሰኪያ ያለው ተጨማሪ ካርድ፣ ሳጥኑ ውስጥ ይጨመራል። ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልግ ይሁን፣ የአሮጌ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ (መብራት የሚያከፋፍለው ክፍል) አቅሙ ትንሽ ነው። ለምሳሌ ጂቲ 1030 የሚባለው ካርድ የሚወስደው 30 ዋት ስለሆነ አያስጨንቅም። ሲፒዩው ቀጭን ከሆነ ቁመቱ አጭር የሆነውን ካርድ ግዙ፣ ረጅሙ አይገባም። ካርዱ ከገባ በኋላ ሞኒተሮቹን በሙሉ ካርዱ ላይ ሰኩ። ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች ካርድ ሲያገኙ የራሳቸውን መውጫ ይዘጉታል፣ ሰውም «ተበላሸ» ብሎ ይደነግጣል። ሁለቱንም መጠቀም ከተፈለገ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ መልቲ ሞኒተር የሚል ምርጫ መኖሩን እዩ።

አሁን አደራ የምላችሁ መብራቱን ነው። የኛ 220 ቮልት ነው። ሞኒተሩ ጀርባ ላይ 100-240 የሚል ከተጻፈበት ስጋት የለም። ከአሜሪካ ሙሉ ኮምፒውተር የምትልኩ ግን ፓወር ሰፕላዩ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ካለ፣ ሳይሰካ በፊት ወደ 230 ግፉት። በ115 እንዳለ ከተሰካ ይፈነዳል። መብራት ሲሄድ ሁሉም ከሶኬት ይነቀል፣ ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ይላል። ከሁለተኛው ሞኒተር በፊት ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ቢገዛ ደስ ይለኛል።

ማስተካከሉ ቀላል ነው። የዊንዶውስ ቁልፍና ፒ አንድ ላይ ይጫኑ፣ «ኤክስቴንድ» ይምረጡ። ከዚያ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ 1 እና 2 የተጻፈባቸውን ሳጥኖች ጠረጴዛው ላይ እንዳሉት ያስቀምጡ። እህቴ መጀመሪያ ቀን ማውሱ በግራ በኩል እየጠፋባት ተቸግራ ነበር፣ ሳጥኖቹ ተገላብጠው ነው። አሁን ፎቶው በግራ፣ የምትተይብበት ማይክሮሶፍት ወርድ በቀኝ ሆኖ የተማሪዎቹን ምዕራፍ ሁለት አንገቷን ሳታዞር ትጨርሳለች።