ለውጭ ገበያ ዓሣ የምትጭን ጀልባ፦ ከወለሉ በፊት በረዶው

ጣና ዳር ካለችው ከቁንዝላ የጠየቅኸው ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ማኅበር አቋቁማችኋል፤ ፊሌቶ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት ዓሣችሁን ልረከብ ብሏል፤ ጀልባዋ ምን ታሟላ ነው ያልከው። ወለሏን እስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) ካላለበሳችሁ አይሆንም ያሏችሁም አሉ። ባሕር ዳር ላይ ዓሣ ስረከብ የኖርኩ ሰው ነኝና የማውቀውን ልንገርህ። ትንሽ ይረዝማል።

እስቴንለሱን ለጊዜው ተወው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ፣ ቁጥር 853/2004 የሚባለው፣ የግድ እስቴንለስ ይሁን አይልም። ዓሣው የሚነካው ቦታ የማይዝግ፣ ልሙጥና በቀላሉ የሚጸዳ ይሁን፣ ቀለም ከተቀባም የማይላጥና መርዝ የሌለው ይሁን ነው የሚለው። የተሰነጠቀ ጣውላ የማይሆነው ደምና ቅርፊት ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ብሩሽ ስለማይደርስበት ነው። ወለሉን ለመሥራት ገንዘብ ካጠራችሁ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ግዙና ዓሣው ወለሉን ጭራሽ እንዳይነካ አድርጉ። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ መክተት ግን ይቅር። ከሥር ያለው ይደፈጠጣል፣ ከረጢቱም በደንብ አይታጠብም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቤንዚኑ ነው። ብዙ ጀልባ ላይ ጀሪካኑና ዓሣው ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው የሚመጡት። ሞተሩ ሥር የሚጠራቀመው ዘይት ያለበት ውሃ ደግሞ ጀልባዋ በተንገዋለለች ቁጥር ወደ ዓሣው ይሄዳል። ዓሣ እንደ ቅቤ ነው፣ ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይስባል። አንዴ ቤንዚን የሸተተ ፊሌቶ ብታጥበውም አይለቀው። ስለዚህ ጀሪካኑም ሞተሩም ወደ ኋላ፣ ዓሣው ወደ ፊት፣ መሃሉ ላይ ውሃ የማያሳልፍ ግድግዳ። ይሄን ማንኛውም የጀልባ አናጺ ይሠራላችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ በረዶ። ደንቡ ዓሣው ጀልባ ላይ እንደወጣ በተቻለ ፍጥነት ይቀዝቅዝ፣ ሙቀቱም በረዶ ወደሚቀልጥበት፣ ማለትም ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋ ይላል። የእኛ ሰው በረዶ የሚፈልገው ወደብ ከደረሰ በኋላ ነው። ያኔማ ፀሐዩ ሥራውን ጨርሷል። 22 ዲግሪ ያለውን 10 ኪሎ ዓሣ ወደ ዜሮ ለማውረድ ብቻ 2 ኪሎ ተኩል ያህል በረዶ ይቀልጣል። አየሩ፣ ሣጥኑና የመንገዱ ርዝመት የሚያቀልጡት ሌላ ነው። ለዚህ ነው በሞቃት አገር ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ያዝ የሚባለው። በረዶው ይሰባበር። ከሥር አንጥፍ፣ ዓሣ ደርድር፣ መልሰህ በረዶ አልብስ፣ እንደዚያ እያልክ እስከ ላይ። የቀለጠው ውሃም ይፍሰስ እንጂ ዓሣው በደም ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ አይምጣ። በረዶው ከምን ውሃ እንደተሠራ ሻጩን ጠይቁት፤ ከሚጠጣ ውሃ ካልሆነ ጀርም ነው የምትጭኑት።

መረቡንም አስብ። ማታ ጥላችሁ ጠዋት ስታነሱ፣ በጊዜ የሞተ ቀረሶ ሰዓቱን ውሃ ውስጥ ቆጥሮ ነው የሚመጣው። እኔ ስረከብ መጀመሪያ የማየው ስንጥቡን ነበር። ከፍ አድርገህ ስታየው ደማቅ ቀይ ከሆነ ጥሩ፤ ቡናማ ሆኖ የሚዝለገለግ ከሆነ፣ ዓይኑም ከሰረጎደ፣ በረዶ አያድነውም። መረቡን ከሌሊቱ ጀምሮ ቶሎ ቶሎ ማየት ያደክማል፣ ግን ዋጋ አለው። ሕያው የወጣውንና ሞቶ የተገኘውን በተለያየ ሣጥን አድርጉ። አንጀት ጀልባ ላይ የምታወጡ ከሆነም ወዲያው አውጡና በንጹሕ ውሃ እጠቡት። ከወደቡ ዳር በተቀዳ ውሃ ግን እንዳይሆን፤ ሰው የሚታጠብበትና ፍሳሽ የሚገባበት ቦታ ነው። ተቅማጥ የያዘው ልጅ በዚያ ቀን ዓሣ አይንካ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልል አላልፍም። ክረምት ላይ ነጭ ዓሣው ለመራባት ወደ ግልገል ዓባይና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ሲወጣ ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጠው ውሃው ላይ የሚረጩ አሉ። ከእነሱ እጅ አንድም ዓሣ እንዳትገዙ፣ ሣጥን የሞላ ቢሆን እንኳ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በመርዝ ዓሣ ይያዛል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1999 አውሮፓ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ ዓሣ መግዛት አቁሞ ነበር። መርዙን የረጩት ጥቂቶች ናቸው፤ ገበያ ያጡት ግን በንጽሕና የሚሠሩትም ጭምር ናቸው። ጣና የማጠምድበትም የምበላበትም ሐይቅ ስለሆነ ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ድርጅቱን ለየትኛው አገር ነው የምትልከው በሉት። አውሮፓ ከሆነ ኢትዮጵያ ዓሣ እንዲልኩ በተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ መግባቷን፣ ፋብሪካውም የፈቃድ ቁጥር ያለው መሆኑን በወረቀት ያሳያችሁ። እነዚህ ከሌሉ ጀልባችሁ ብታበራም ዓሣው አይገባም። ወደ ሱዳን የሚሄደው የደረቀ ዓሣ ሌላ መንገድ ነው፣ አታምታቱት።

ደብተርም ያዙ። መረቡ የተጣለበትና የተነሳበት ሰዓት፣ ቦታው፣ የተጫነው በረዶ፣ ጀልባዋ የታጠበችበት ቀን ይጻፍ። አንድ ጭነት ላይ ችግር ቢገኝ ከየት እንደመጣ የሚለየው በዚህ ነው።

የጀልባዋን ፎቶ ከውስጥም ከሞተሩ በኩልም አንሥተህ እዚሁ ለጥፍ፣ ግድግዳው የት ቢገባ እንደሚሻል አብረን እናያለን።