ገንዘብ፣ በኅብረት የሚሰጥ ድምፅና የኢንተርኔት ሳንሱር በአሜሪካ፦ ጥያቄና መልስ

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ አንድ ባለጸጋ ለሚደግፈው ዕጩ ያሻውን ያህል ገንዘብ መስጠት ይችላል? ይችላል የሚሉ አሉ፤ አይችልም የሚሉም አሉ።

መልስ፦ ሁለቱም አልተሳሳቱም። በ2024 አንድ ግለሰብ ለአንድ የፌዴራል ዕጩ በቀጥታ መስጠት የሚችለው ለእያንዳንዱ ምርጫ 3,300 ዶላር ብቻ ነበር። ይሁንና ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በሲትዝንስ ዩናይትድ ጉዳይ፣ ኩባንያዎችና ማኅበራት ከዕጩው ጋር ሳይመካከሩ ለምርጫ የሚያወጡት ገንዘብ ሊገደብ አይገባም ብሎ ከወሰነ በኋላ፣ ሱፐር ፓክ የሚባሉት ቡድኖች ያለ ጣሪያ መሰብሰብና ማውጣት ጀመሩ። «ሳይመካከሩ» የምትለዋ መጋረጃ ድሮም ስስ ነበረች፤ የፌዴራሉ ምርጫ ኮሚሽን በ2024 በቤት ለቤት ቅስቀሳ ረገድ መመካከርን ከፈቀደ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ ሳስታለች። ኢሎን መስክ በዚያ ዓመት ዶናልድ ትራምፕንና ሪፐብሊካኖችን ለመደገፍ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ምርጫ በገንዘብ ይገዛል ማለት ነው?

መልስ፦ እንደዚያማ ቢሆን ቢሊየነሩ ማይክል ብሉምበርግ ፕሬዚዳንት በሆኑ ነበር። በ2020 ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አፍስሰው በዴሞክራቶች የዕጩነት ውድድር ያሸነፉት አሜሪካን ሳሞአን ብቻ ነው። መስክም በ2025 በዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዳኛ ምርጫ፣ ግሪን ቤይ ድረስ ሄዶ ለሁለት መራጮች የ1 ሚሊዮን ዶላር ቼክ እስከማስረከብ ቢደርስም፣ ይቃወማቸው የነበሩት ሱዛን ክሮፎርድ በ10 በመቶ ገደማ ልዩነት አሸንፈዋል። እንደ እኔ ግምት ገንዘብ የበለጠ የሚሠራው ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት፣ ማን ዕጩ ይሁን፣ የማን ስልክ ይነሳ በሚባልበት ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ጥቂት ነን። ድምፃችን ምን ይለውጣል?

መልስ፦ ማነሳችን እውነት ነው፤ ነገር ግን ከመራጩ ብዛት ይልቅ የሚኖርበት ቦታ የሚወስንበት ጊዜ አለ። የፕሬዚዳንቱ ምርጫ በየግዛቱ የሚቆጠር በመሆኑ፣ በ2000 ጆርጅ ቡሽ ፍሎሪዳን በ537 ድምፅ ብቻ በልጠው ዋይት ሀውስ ገቡ። በዚያው ግዛት ማያሚ የሰፈሩት የኩባ ተወላጆች እንዳይቀየሙ ሁለቱም ፓርቲዎች ስለ ኩባ በሚናገሩት ሁሉ ለአሥርት ዓመታት ሲጠነቀቁ ኖረዋል።

ወደ ራሳችን ስንመጣ፣ በ2021 የቨርጂኒያ አገረ ገዥ ምርጫ፣ የባይደን አስተዳደር በሰሜኑ ጦርነት የያዘው አቋም ያስቆጣቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሲመርጡት የኖሩትን ዴሞክራቲክ ፓርቲ ትተው ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀስቅሰዋል። በዕለቱ አሌክሳንድሪያ ነበርኩ፤ አንድ ጋቢ የደረቡ አዛውንት ሕጉ በምርጫ ጣቢያው አጠገብ ቅስቀሳ ከሚከለክልበት 40 ጫማ ወጣ ብለው ቆመው፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ወረቀት ያድሉ ነበር። ያንግኪን በ2 በመቶ ገደማ ልዩነት አሸነፉ። ድሉ የእኛ ነው የሚሉት ግን ያጋንናሉ፤ ልዩነቱ ከ60 ሺህ ድምፅ በላይ ሲሆን፣ ወላጆች በትምህርት ቤቶች ላይ ያነሱት ቁጣም ቀላል አልነበረም።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ብቻ ነው ያለኝ። ልምረጥ?

መልስ፦ እባክዎ በፌዴራል ምርጫ እንዳይመርጡ፤ ከአገር ሊያስወጣዎት ይችላል። ለዕጩ መዋጮ መስጠት ግን ሕጉ ይፈቅድልዎታል። ድምፅ የሌለው ሰው ገንዘብ መስጠት መቻሉ ለእኔ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ ፌስቡክ ጽሑፌን ቢያነሳብኝ ሕገ መንግሥቱን ጥሷል ማለት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም፤ የንግግር ነፃነትን የሚጠብቀው የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ የሚያስረው መንግሥትን እንጂ ኩባንያን አይደለም። ፍሎሪዳና ቴክሳስ ኩባንያዎቹ ጽሑፍ እንዳያነሱ ሕግ ባወጡ ጊዜም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 ጉዳዩን ወደ ሥር ፍርድ ቤቶች ሲመልስ፣ ምን እንደሚለጠፍ መምረጥ የኩባንያው የራሱ ንግግር መሆኑን አስረድቷል። ስለዚህ መታየት ያለበት ባለቤቱ ማን እንደሆነና ማንን እንደሚፈራ ነው። ትዊተር በጥር 2021 ትራምፕን አገደ፤ መስክ በጥቅምት 2022 በ44 ቢሊዮን ዶላር ገዛውና በኅዳር መለሳቸው። ሜታ ደግሞ በጥር 2025፣ ትራምፕ ቃለ መሐላ ሊፈጽሙ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀራቸው፣ በአሜሪካ ከውጭ ተቋማት ጋር ያካሂደው የነበረውን የመረጃ ማጣራት ሥራ እንደሚያቆም አስታወቀ፤ በዚያው ወር ትራምፕ የከሰሱበትን ጉዳይ በ25 ሚሊዮን ዶላር ለመጨረስ ተስማማ። ያን ጊዜ መንግሥት በሜታ ላይ የመሠረተው የገበያ ሞኖፖል ክስ ገና በፍርድ ቤት ነበር።

ጥያቄ፦ የቲክቶክስ ነገር?

መልስ፦ ገንዘቡም ድምፁም አንድ ላይ የታዩት እዚያ ላይ ነው። ትራምፕ በ2020 ሊዘጉት ሞክረው ነበር። በ2024 ግን ኮንግረሱ ቲክቶክ ከቻይናው ባለቤቱ እጅ ካልወጣ እንዲታገድ ሲወስን፣ እርሳቸው ተቃወሙ። ከሪፐብሊካኖች ትልልቅ ለጋሾች አንዱ የሆኑት ጄፍ ያስ በባለቤቱ ኩባንያ በባይትዳንስ ውስጥ ከፍተኛ ድርሻ አላቸው፤ ትራምፕ ደግሞ ቲክቶክ በወጣቶች ዘንድ እንደጠቀማቸው በአደባባይ ተናግረዋል። ከሁለቱ የትኛው እንደመዘነ እርሳቸው ያውቃሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን ካጸና ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሥልጣን በያዙበት ዕለት፣ አፈጻጸሙን ለ75 ቀናት አዘገዩት።