የባዮፕሲው ውጤት እስኪመጣ ሌሊቱን እንዴት ልግፋው?

ጥያቄ

ሰላም ሲስተር፣ እንደምን ነዎት? ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዕድሜዬ 41 ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምሠራው በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። በግራ ውስጥ እግሬ፣ ተረከዜ አጠገብ፣ ጥቁር ነጥብ ወጥቶብኝ ነበር። መጀመሪያ ምስር አታህልም ነበር። በዓመቱ ግን ሰፋች፣ ጠርዟም ተዛነፈ። እናቴ «ማርያም ስማሽ ነው» እያለች ታጽናናኝ ነበር። የቆዳ ሐኪሟ ግን ዝም ብላ ስታያት ቆየችና «ቆርጠን ለምርመራ እንላከው» አለችኝ።

ያው ተቆረጠ፣ ተሰፋ። ውጤቱ በሁለት ሳምንት ይደርሳል፣ ትንሽ ሊያልፍም ይችላል ተብያለሁ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እነቃለሁ። ስልኬን አነሳና የሜላኖማ፣ የዚያን ክፉ የቆዳ ካንሰር፣ ፎቶ ሳይ ይነጋል። ጓደኛዬ ደግሞ የቦብ ማርሌን ታሪክ ላከችልኝ፤ ጭራሽ ባሰብኝ። ባለቤቴን ጠርሙስ ወጋኝ ብዬዋለሁ። እናቴ ደሴ ናት፣ ግፊት አለባት፤ ለእሷም አልነገርኩም። ጎረቤቴ «ጸበል ውስጥ ንከሪው» ትለኛለች። ትናንት ላቦራቶሪው ጋ ብደውል «ገና ነው» አሉኝ። የዘገየው ክፉ ነገር አይተው ይሆን? እንዴት ብዬ ልጠብቅ? ለእናቴስ ልንገራት?

ት. ከሲኤምሲ፣ አዲስ አበባ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ለረጅም ዓመታት በአንድ የቆዳ ክሊኒክ፣ በትንንሽ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ናሙናውን ጠርሙስ ውስጥ የምከተው፣ ስሙን የምጽፍበት፣ ናሙና በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ፓቶሎጂ ክፍል የማደርሰው እኔ ነበርኩ። «ዘገየ፣ ምን አይተው ነው?» የሚለውን ጥያቄ ኮሪደር ላይ ያልጠየቀኝ ሰው የለም። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። ያቺ ቁራጭ ካንቺ ከተለየች በኋላ የት የት እንደምትደርስ ብታውቂ ትንሽ ይቀልልሻል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ፎርማሊን ውስጥ ትገባለች። እንዳትበላሽ ነው። የውስጥ እግር ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ፎርማሊኑ እስኪዘልቀው ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ በአልኮል ውሃዋ ይወጣል፣ በቀለጠ ሰም ትሞላለች፣ ሰሙ ሲቀዘቅዝ ትደርቃለች። ቴክኒሻኑ በልዩ ማሽን ከ3 እስከ 5 ማይክሮን እያሳሳ ይቆርጣታል። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የተቆረጠው መስታወት ላይ ይነጠፋል፣ በሐምራዊና በሮዝ ቀለም ይነከራል። ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ሁሉም ነገር ቢቀና የጥቂት ቀን ሥራ ነው። የእኛን ሁኔታ ግን ታውቂዋለሽ። መብራት ይጠፋል። ኬሚካል ያልቃል። ናሙናው ብዙ፣ የሚያየው ሐኪም ጥቂት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ፓቶሎጂስቱ «ጠለቅ አድርጋችሁ ደግማችሁ ቁረጡልኝ» ይላል። ተጨማሪ ቀለም ያዛል፣ ወይም ለሌላ ባልደረባው ያሳያል። ይሄ ለክፉውም ለደጉም ይደረጋል። ምንም ጉዳት የሌለው ነጥብ አጠራጣሪ መስሎ ሲዘገይ ደጋግሜ አይቻለሁ። ቶሎ የመጣ ክፉ ውጤትም አይቻለሁ። ስልክ ያነሳልሽ ልጅ «ገና ነው» ሲልሽ መዝገቡ ላይ አልተሞላም ማለቱ ነው። ድምፁ ውስጥ ሌላ ነገር አትፈልጊ፣ ልጁም የሚያውቀው የለም።

ስለ ነጥቡም እውነቱን ልንገርሽ፤ ሌሊት ስልክሽ የሚነግርሽ ግማሹን ነውና። እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ያለው ሰው ውስጥ እግሩ ወይም መዳፉ ላይ ጥቁር ነጥብ ቢኖረው የተለመደ ነው፤ አብዛኛው ምንም አያመጣም። ጫማ የሚጫነው ቦታ ላይ ከቆዳ ሥር የቋጠረ ደምም ጠቁሮ ይታያል። ሜላኖማ ጥቁር ሰው ላይ የሚታየው ከነጮቹ እጅግ ባነሰ ቁጥር ነው። ሲመጣብን ግን ደጋግሞ የሚመርጠው ፀሐይ የማያገኛቸውን ቦታዎች ነው፤ ውስጥ እግርን፣ መዳፍን፣ የጥፍር ሥርን። ሐኪምሽ ዝም ብላ ያየችው ለዚህ ነው። ውስጥ እግር ላይ የሰፋና ጠርዙ የተዛነፈ ነጥብ አይታ «ቅባት ቀቢው» ብላ ብትሸኝሽ ነበር የምደነግጠው። የሠራችው የጥሩ ሐኪም ሥራ ነው።

ቦብ ማርሌን በተመለከተ፣ እሱ በ1980 እ.ኤ.አ. በአቡነ ይስሐቅ እጅ በኦርቶዶክስ ስለተጠመቀ የኛ ሰው ታሪኩን እንደ ዘመዱ ያወራዋል፤ ለዚህም ይመስለኛል ጓደኛሽ የላከችልሽ። ታሪኩን ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው። ሜላኖማው ከእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የተገኘው በ1977 ነው። ጣቱ እንዲቆረጥ ሲመከር አልተቀበለም፤ የጥፍሩ ሥር ብቻ ተነሣለት። በኋላ በሽታው ተሰራጨና በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ። አንቺ ሐኪም ጋ ሄደሻል፣ ቆርጣልሻለች፣ ናሙናሽ ላቦራቶሪ ነው። እና ሜላኖማ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ዋናው ጥያቄ ወደ ውስጥ ምን ያህል ዘልቋል የሚለው ነው። በሚሊሜትር ይለካል። ከ1 ሚሊሜትር ሳይዘልቅ የተገኘ ሜላኖማ ብዙውን ጊዜ ዙሪያውን ሰፋ አድርጎ በመቁረጥ ያበቃል። ይሄን የምልሽ ካንሰር ነው ብዬ እንዳይመስልሽ። ሌሊት ላይ «ካንሰር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የሚመጣብሽ መቃብር ስለሆነ፣ በመሃል ብዙ ነገር እንዳለ እንድታውቂ ነው።

አሁን ወደ ሌሊቱ። ከዛሬ ጀምሮ ስልኩ ሳሎን ይደር። ኢንተርኔት ላይ የምታያቸው ፎቶዎች ለትምህርት የተመረጡ፣ ብዙዎቹም የገፉ ናቸው፤ ያንቺን ውጤት ከእነሱ ልታነቢ አትችዪም። ፋሻውንም በየሰዓቱ እየፈታሽ አትዪው። ቁስሉ መታየት ያለበት ሲታጠብና ሲቀየር ብቻ ነው፤ መግል፣ ትኩሳት ወይም የሚጨምር ሕመም ካለ ግን ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ ሂጂ። ስምንት ሰዓት ላይ ስትነቂ እየተገላበጥሽ አልጋ ላይ አትቆዪ። ተነሺ፣ ደብዘዝ ያለ መብራት አብሪ፣ እጅሽን የሚይዝ ነገር ሥሪ። ምስር መልቀምም ይሁን የልጆቹን ካልሲ ማጠፍ፣ መጨረሻ ያለው ሥራ ይሁን። እንቅልፉ ሲመጣ ትመለሻለሽ። ልብሽ ሲመታ አየር በአፍንጫሽ ሳቢና ካስገባሽበት በረዘመ ጊዜ ቀስ ብለሽ አውጪ፤ ጥቂት ደቂቃ ስትደጋግሚው ሰውነትሽ ይረግባል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አብራኝ ትሠራ ከነበረች የአእምሮ ጤና ነርስ የተማርኩት ነው። ጭንቀቱን «ሂድ» ብትዪው አይሄድም፤ ቀጠሮ ስጪው። ከሥራ መልስ፣ በለው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ 20 ደቂቃ ያዢ። የሒሳብ ሰው ነሽና መዝገብ መያዝ አይከብድሽም። የፈራሽውን ሁሉ ጻፊ። አንዳንዱ ጥያቄ ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ «እንደገና መቆረጥ ይኖራል? ሥራ ስንት ቀን እቀራለሁ?» የሚል። እሱን ለሐኪሟ ለይተሽ አስቀምጪ። መልስ የሌለውን ጻፊና ደብተሩን ዝጊ። ሌሊት ሲመጣብሽ «ቀጠሮህ ነገ አሥራ አንድ ተኩል ነው» በዪው። ሞኝነት ይመስላል፣ አውቃለሁ። ግን ሲሠራ አይቻለሁ። ቡናውንም ጠዋት አቦሉን ጠጪ፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን ግን ይህ ጊዜ እስኪያልፍ ተዪው። ለቀናት ምግብ እምቢ ካለሽ፣ እንቅልፍ ጨርሶ ከጠፋ ወይም ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ይሄን ሁሉ ትተሽ ቶሎ ሐኪም አማክሪ። ብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ጤና ክፍል አላቸው፣ ማንም ሰው የሚታከምበት ቦታ ነው።

ጸበሉን ጠጪ፣ ጸልዪም፤ እኔም የምጸልይ ሰው ነኝ። ግን ስፌት ያለበትን እግር ምንም ውሃ ውስጥ አትንከሪ። የውስጥ እግር ስፌት ስለሚረገጥ ቀስ ብሎ ነው የሚድነው፤ ውሃ ውስጥ ከተነከረ ሊመረቅዝ፣ ሊፈታም ይችላል። ቅጠልም ማርም አይቀባበት። ለጎረቤትሽ «ስፌቱ ሲወጣ» በያት፣ ይገባታል።

ለባለቤትሽ ዛሬ ንገሪው። ይሄን ከሌላው ምክሬ ሁሉ አስበልጬ ነው የምጽፍልሽ። ፍርሃቱ ሲደመርበት ውሸቱን መጠበቅም ሌላ ሥራ ሆኖብሻል። እንዴት ብዬ ልጀምር ካልሽ እንዲህ በዪው፦ «ጠርሙስ አይደለም የወጋኝ። እግሬ ላይ የነበረውን ጥቁር ነገር ለምርመራ ቆርጠውልኛል። ውጤቱን እየጠበቅሁ ነው፣ ፈርቻለሁ። ምንም አይደለም እንድትለኝ አልፈልግም፤ ውጤት የምቀበል ቀን አብረኸኝ ሂድ።» ሰዎች «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም» የሚሉት ፍርሃታቸውን ለመሸሽም ነው። ምን እንዲያደርግልሽ እንደምትፈልጊ ከነገርሽው ግን የሚይዘው ነገር ያገኛል።

ውጤቱ ደግሞ መጀመሪያ ለአንቺ ይነገር። ይሄን ለሐኪሟ አሁኑኑ ንገሪያት። በኛ አገር ክፉ ወሬ በሽተኛውን ዘልሎ ለዘመድ ይነገራል፤ በፍቅር ነው የሚደረገው፣ የሚያደርሰውን ጉዳት ግን አይቻለሁ። ከሰላሌ የመጡ አንድ አባት ነበሩ። የቆየ የቃጠሎ ጠባሳቸው እግራቸው ላይ ቆስሎ አልድን ብሏቸው ነበር፤ እንዲህ ያለ ቁስል ለዓመታት ከቆየ አንዳንዴ ወደ ካንሰር ይለወጣል። ልጆቻቸው ውጤቱን ቀድመው ሰሙና «ለእሱ እንዳትነግሩት» ብለው ለመኑን። አባታቸው በር ላይ ተቀምጠው የልጆቹን ፊት አዩ። «ምነው ልጆቼ፣ በቁሜ ታለቅሱልኛላችሁ?» አሉ። ካንሰሩ እኮ ተቆርጦ የሚወጣ ነበር። ይሄን ደፍሮ የሚነግራቸው ስላልተገኘ ግን ሌሊቱን ሙሉ እየሞቱ መስሏቸው አደሩ። በማግስቱ ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ሲያስረዳቸው «ታዲያ ይሄን ትናንት አትሉኝም ኖሯል?» ነበር ያሉት።

ውጤት የምትቀበዪ ቀን የካርድ ቁጥርሽን ያዢ። ወረቀቱ ላይ የአያት ስም፣ ዕድሜና የካርድ ቁጥር ያንቺ መሆኑን አረጋግጪ፤ በኛ አገር ስም ይመሳሰላል። የተጻፈውን ታክሲ ውስጥ ብቻሽን ለመተርጎም አትሞክሪ፣ ሐኪሟ ፊት ይነበብ። ክፉ ያልሆነ ከሆነም «ሙሉ በሙሉ ወጥቷል ወይ? ክትትል ያስፈልገኛል?» ብለሽ ጠይቂ። ካንሰር ነው ከተባለ ደግሞ ጥልቀቱን፣ የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ካንሰር አለመቅረቱን፣ ቀጥሎ የት እንደምትሄጂ ጠይቂ። መልሱን ባለቤትሽ ይጻፍ፤ ያኔ ያንቺ ጆሮ ብዙም አይሰማም። ወረቀቱን ፎቶ አንሥተሽ አስቀምጪ። የተባለው ቀን ካለፈ ደግሞ በስልክ አትለማመጪ፣ ሄደሽ በአካል ጠይቂ። ናሙና መንገድ ላይ የሚቀርበት ጊዜም አለና መጠየቅሽ ነውር አይደለም።

እናትሽን በሚመለከት፣ ውጤቱ እስኪደርስ ዝም ብትዪ አልፈርድብሽም። ግፊት ላለባት እናት ግማሽ ወሬ በስልክ መስማት ከባድ ነው፤ አንቺም እሷን ለማጽናናት ሌላ ጉልበት ያስፈልግሻል። ውጤቱ ከመጣ በኋላ ግን፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ ካንቺ አፍ ትስማው። ደህና ከሆነ ደውለሽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንገሪያት፤ ለምን ደበቅሽኝ ብላ ብትቆጣሽም ትቆጣ። ክፉ ከሆነ ግን በስልክ አይሁን። ከቻልሽ ራስሽ ሂጂ። ካልቻልሽ ደሴ ያለ የምታምኚው ዘመድ ቀድሞ ቤቷ ይግባ፣ የግፊት ክኒኗን መውሰዷን ይጠይቃት፣ ከዚያ አጠገቧ ተቀምጦ አንቺ ደውዪላት።