የድሮ ኬ100 ነዳጅ መስመር፦ ፓምፑን ከመግዛትህ በፊት

አንድ አንባቢ የ1987 ቢኤምደብሊው ኬ100 አርቲ ሞተርሳይክል አለው። ረጅም መንገድ ሲነዳ፣ ቀኑ ሞቆ ነዳጁም ከግማሽ በታች ሲወርድ፣ ሞተሩ ጉልበት እያጣ ይቆራረጣል። ዳር ይዞ ትንሽ ካረፈ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነስቶ ይሄዳል። «ካንዴላ ቀይሬ ለውጥ የለም። አዲስ የነዳጅ ፓምፕ ልግዛ? እግረ መንገዴንስ ምን ምን ልቀይር?» ይላል።

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። ፓምፑ ሊሆን ይችላል፣ ግን እኔ መጨረሻ ላይ የምጠረጥረው እሱን ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ሞተር ላይ ቀድሞ የሚያልቀው የነዳጅ መስመሩ ጎማ ነው፣ ቱቦውና መያዣው ማለቴ ነው። ኪሎሜትሩ ትንሽ ነው ብለህ አትጽናና፣ ጎማ ቆሞም ያረጃል።

ነዳጁ ሲያንስ ለምን እንደሚብስ ልንገርህ። በዚህ ሞተር ላይ ፓምፑ የተቀመጠው ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ውስጥ ነው፣ የሚያቀዘቅዘውም በዙሪያው ያለው ቤንዚን ነው። ፓምፑ ሞተሩ ከሚፈልገው በላይ ይገፋል፤ የተረፈው ቤንዚን ትኩሱን የኢንጀክተር (ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጨው አፍንጫ) መስመር አልፎ፣ ሙቀት ተሸክሞ ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል። ሰልባትዮው ሙሉ ሲሆን ይህ ሙቀት አይታወቅም። ከግማሽ በታች ሲሆን ግን ያው ትንሽ ቤንዚን ደጋግሞ ይዞራል፣ ይግላል፣ መትነን ይጀምራል። የሚስበው ወንፊት ደግሞ በከፊል ተደፍኖ ከሆነ ፓምፑ ቤንዚንና እንፋሎት ደባልቆ ይስባል። ጉልበቱ የሚጠፋው ያኔ ነው።

መጀመሪያ ነፃውን ሙከራ አድርግ። ሞተሩ መቆራረጥ እንደጀመረ ዳር ያዝና ሳትዘገይ የሰልባትዮውን ክዳን ክፈት። አየር «ሽው» ብሎ ወደ ውስጥ ከገባና ሞተሩ ወዲያው ከተስተካከለ፣ የአየር መተንፈሻው ተደፍኗል ማለት ነው። እሱን አጽዳ። እዚያው ሳለህ በክዳኑ ዙሪያ ያለውን የውሃ መውረጃ ቀዳዳም እይ። እሱ ሲደፈን የዝናብ ውሃ ጎድጓዳው ላይ ይጠራቀምና ክዳኑን ስትከፍት ቀጥታ ቤንዚኑ ውስጥ ይገባል። የኬ100 ሰልባትዮ አሉሚኒየም ስለሆነ እንደ ብረት አይዝግም፣ ግን ውሃ ከታች ተኝቶ ከከረመ እሱንም ይበላዋል።

ችግሩ መተንፈሻው ካልሆነ ወደ ውስጥ መግባት አለብህ። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ደጅ ላይ፣ እሳትም ሲጋራም በሌለበት ሥራ። መስመሩ ውስጥ ግፊት ስላለ የፓምፑን ሶኬት ንቀልና ሞተሩን አስነስተህ በራሱ እስኪጠፋ ጠብቅ፣ ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ። ቤንዚኑን በንጹህ ጄሪካን ቅዳና የመጨረሻውን ጭላጭ በመስታወት ዕቃ አስቀምጠው። ውሃ ካለ ከሥር ለብቻው ተለይቶ ታየዋለህ።

አሁን በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ተመልከት። ፓምፑ ንዝረት እንዳያሰማ በጎማ መያዣ ነው የተቀመጠው። ይህ ጎማ ሲያረጅ፣ በተለይ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ሲያገኘው፣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ጥቁር ሙጫ ይሆናል። በጣትህ ስትነካው እጅህ ላይ እንደ ሬንጅ ከተጣበቀ ሌላ ምርመራ አያሻህም፤ ያ ጥቁር ነገር ነው ከሥር ያለውን ወንፊት የደፈነው። እኔ ብወራረድ በዚህ ነው የምወራረደው። ፓምፑን አውጣ፣ ወንፊቱን አጽዳ፣ መያዣውን በአዲስ ቀይር፣ የሰልባትዮውንም ወለል አንድ ጥቁር ፍርፋሪ እስከማይቀር ጥረግ።

ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ቦታ ቀጥሎ ያለው ነው። ከፓምፑ ወደ ፊልትሮው የሚሄደው ቱቦ ቀኑን ሙሉ ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ ነው የሚኖረው፣ ስለዚህ ከውስጥም ከውጭም ቤንዚን መቻል አለበት። ተራ የነዳጅ ቱቦ ውስጡ ብቻ ነው የሚችለው። ውጪው ይቀልጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ግፊቱ ተመልሶ ሰልባትዮው ውስጥ ይፈስሳል፣ አንተ ደግሞ ከውጭ ጠብታ ስለማታይ ፓምፑን ትወነጅላለህ። ለውስጥ ኤስኤኢ 30 አር 10 (SAE 30R10) የሚል የተጻፈበትን ግዛ፤ ውድ ነው፣ ግን አጭር ቁራጭ ይበቃሃል። ከሰልባትዮው ውጪ ላለው ቱቦ አር 9 (SAE 30R9) በቂ ነው። ፋሸታውም (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበቱ) ጠርዙ ለስላሳ የሆነው የኢንጀክሽን ዓይነት ይሁን፣ ያ ባለጥርሱ ተራ ፋሸታ ቱቦውን ይቆርጠዋል።

ፊልትሮው እዚያው ውስጥ ስለሆነ ሳትቀይረው አትዝጋ። ቀስቱ ቤንዚኑ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይጠቁም። ለካርቡሬተር የተሠራች ግልጽ ፕላስቲክ ፊልትሮ እዚህ መስመር ላይ እንዳታስገባ፣ ግፊቱን አትችልም።

ከውጭ ያለው ሥራ ፈጣን ነው። ከግፊት መቆጣጠሪያው ላይ ቀጭኗን የቫኪዩም ቱቦ ንቀልና አሽትታት። ቤንዚን ካለባት ውስጡ ያለው ስስ ጎማ ተቀዷል፣ መቆጣጠሪያው ይቀየር። ኢንጀክተሮቹ ከወጡ አይቀር ኦሪንጋቸውን ቀይር። የመመለሻ ቱቦውን አትርሳ፣ ግፊቱ ትንሽ ነው እየተባለ ሁሌም የሚዘለለው እሱ ነው። ሞተሩን ለወራት የምታቆመው ከሆነ ደግሞ ሰልባትዮውን ሙላ፣ የቤንዚን ማረጋጊያ መድኃኒት ጨምር፣ መድኃኒቱ እስከ ኢንጀክተሩ እንዲደርስም ትንሽ አስነሳው።

ሁሉን ገጥመህ ባትሪውን ካሰርክ በኋላ ወደ ኢንጀክተሮቹ በሚገባው ቱቦ ላይ የግፊት መለኪያ አስገባ። ያቺን የቫኪዩም ቱቦ ነቅለህ፣ ጫፏን ደፍነህ፣ ሞተሩ እየሠራ 2.5 ባር አካባቢ ማንበብ አለብህ። ሲግልም እዚያው ከቆየ ሂድ፣ ንዳ። ከወረደ መጀመሪያ ፓምፑ ሶኬት ላይ ስንት ቮልት እንደሚደርስ ለካ፣ የዛገ ሶኬትም ፓምፕ ያደክማል። ቮልቱ ሙሉ ሆኖ ግፊቱ ከወረደ ያኔ ፓምፑን ግዛ። ስትገዛም የጎማ መያዣው አብሮ መምጣቱን ጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚሸጠው።