መልስ፦ ስቆጣ የሚወጣው ሰው እውነተኛው እኔ ነኝ?
ወንድሜ፣ «ስቆጣ የሚወጣው ሰው ነው እውነተኛው እኔ ወይስ ሲበርድልኝ ያለው?» ብለሃል። ሁለቱም አንተ ነህ ባይ ነኝ።

አሜሪካዊው ፈላስፋና የሥነ ልቦና ሊቅ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1884 ስሜት ማለት የሰውነታችን ለውጥ ለራሳችን ሲሰማን ነው ብሎ ነበር፦ መጀመሪያ ልብ ይመታል፣ ፍርሃቱ ይከተላል። የሰውነትን አሠራር ያጠና የነበረው ሳይንቲስት ዋልተር ካነን በ1927 ተቃወመው፤ በፍርሃትም በቁጣም ልብ ይመታል፣ ታዲያ በምን ይለያሉ? ጥያቄው ከባድ ነው፣ እኔንም አሳምኖኛል። ልዩነቱን በአብዛኛው የሚያመጣው ለሁኔታው የምንሰጠው ትርጉም ይመስለኛል። ሰው ሰላም ሳይልህ ሲያልፍ «ናቀኝ» ካልክ ትቆጣለህ፤ «ምን ነክቶት ይሆን?» ካልክ ታዝንለታለህ።

እናም ቁጣህ ከውጭ የገባብህ ባዕድ አይደለም፣ የራስህ ፍርድ አለበት። መመርመር ያለበትም እሱ ነው። ፍርዱ ካልተለወጠ፣ ብትረጋጋም ቁጣው ውስጥህ አለ።