«ፈርም አሉኝ፣ ፈረምኩ»፦ ስለ ቦርድ ሥራና ተጠያቂነት ጥያቄና መልስ ከጅማ

ጅማ ውስጥ የሆነ ቦርድ ውስጥ ያልገባ ሰው እየጠፋ ነው። አንዱ የውሃ አገልግሎት ቦርድ ነው፤ አንዱ የትምህርት ቤት፤ አንዱ የከተማ ልማት ማኅበር፤ አንዱ ደግሞ አክሲዮን ገዝቶ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ንግግሩ ስላማረ ብቻ ተመርጧል። አበሉ ትንሽ፣ ፊርማው ብዙ። እኔ በሁለት ቦርዶች ለዓመታት በጸሐፊነት ቃለ ጉባኤ ጽፌያለሁ። ጠበቃ ግን አይደለሁም፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት የደረሰበት ሰው ጠበቃ ይያዝ። ከዚህ በታች ያለው «ጠይቁኝ» ባልኩት መሠረት የጠየቃችሁኝና የመለስኩት ነው፤ በየጥያቄው መጀመሪያ ያለው የጠያቂው የጅማ ሰፈር ነው።

ከመንቲና፦ ጋሼ፣ አዲስ የቦርድ አባል ነኝ። የመጀመሪያው ስብሰባዬ ላይ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተነበበና «ይጽደቅ?» ተባለ። ሁሉም እጁን አወጣ፣ እኔም አወጣሁ። ባልነበርኩበት ስብሰባ እጅ ማውጣቴ ችግር አለው?

ሰማይ አይደፋብህም። ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ ማለት «የተጻፈው ያን ቀን የተባለው ነው» ብሎ መመስከር ነው። ውሳኔውን እንደገና መወሰን አይደለም። ታዲያ ያላየኸውን እንዴት ትመሰክራለህ? በሚቀጥለው «በዚያ ስብሰባ ስላልነበርኩ ድምፀ ተአቅቦ» በል፤ ጸሐፊውም ይጻፈው። አዲስ ሰው እንዲህ ሲል ሰዎች ዞር ብለው ያያሉ። ይዩህ።

ከሂርማታ፦ የቦርድ ጸሐፊ አድርገውኛል። ማን ምን እንዳለ ሁሉ ልጻፍ ወይስ ውሳኔውን ብቻ?

ይሄን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፤ ሥራዬ ነበራ። ሁሉን አትጻፊ። ቀን፣ ቦታ፣ የተገኙ፣ በፈቃድ የቀሩ፣ ያለፈቃድ የቀሩ፣ ምልዓተ ጉባኤ መሙላቱ፣ አጀንዳው። ከዚያ ውሳኔው፣ ስንት ደገፈ፣ ስንት ተቃወመ፣ ማን እስከ መቼ ይሠራዋል። የተቃወመ ሰው ምክንያቱን ይመዝገብልኝ ካለ በራሱ ቃል ጻፊለት።

እኔ ስጀምር የጻፍኩት አንድ ቃለ ጉባኤ አራት ገጽ ነበር። አቶ እገሌ እንዲህ አሉ፣ እገሊት እንዲህ መለሱ። መጨረሻው ላይ «በዚህም መሠረት ተስማምተናል» ይላል። ከዓመት በኋላ ኦዲተሩ ጣቱን እዚያ መስመር ላይ አስቀምጦ «በምኑ?» አለኝ። እውነቴን ነው፣ አላስታወስኩም። አራት ገጽ ክርክር ይዤ አንድ መስመር ውሳኔ አልነበረኝም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የፊርማው ገጽ ብቻውን አይቁም። ውሳኔው በአንድ ወረቀት አልቆ ፊርማው በሌላ ባዶ ወረቀት ላይ ከሆነ፣ ያ ወረቀት ነገ ከየትኛው ውሳኔ ጋር እንደሚሰፋ አታውቂም። ለውሎ አበል የተፈረመ የስም ዝርዝር ኋላ ላይ የውሳኔ ገጽ ሆኖ ሲመጣ አይቻለሁ። ሰዎቹ የፈረሙት ለአበል ነበር። ስለዚህ ከውሳኔው ቢያንስ ሁለት መስመር ወደ ፊርማው ገጽ አሻግሪ፣ ባዶውን ቦታ በሰያፍ ሰርዢ፣ ለእያንዳንዱ ገጽ ቁጥር ስጪ።

ከአጂፕ፦ ሰብሳቢው ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ናቸው። ሥራ እንዳይቆም ባዶ ቼክ ፈርመው ይተዋሉ። እኔ ሁለተኛ ፈራሚ ነኝ። ምን ላድርግ?

ከዛሬ ጀምሮ አትፈርም።

የራሴን ላጫውትህ። ሰብሳቢያችን ለሐጅ ሊሄዱ ሳምንት ሲቀራቸው የቼክ ደብተሩን አምጣልኝ አሉ። በደግነት ነው። አሥር ቅጠል ፈርመው ሊተዉልን ብዕራቸውን ከፍተዋል። «ኦቦ፣ እርስዎ መካ ሆነው እኔ እዚህ ሌባ ብሆንስ?» አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ሳቁን አቆሙና ብዕሩን ዘጉት። በማግስቱ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራን፤ ሰብሳቢው እስኪመለሱ ድረስ ምክትሉ እንዲፈርሙ ተወሰነ። የቃለ ጉባኤው ቅጂ ከደብዳቤና ከፊርማ ናሙና ጋር ለባንኩ ገባ። ሁሉም ግማሽ ቀን አልፈጀም። ሲመለሱ ተምር ይዘውልኝ መጡ፤ አልተቀየሙም።

ስለ ጣምራ ፊርማ ብዙ ሰው የማያስተውለው አለ። ሁለተኛው ፈራሚ የክፍያ ሰነዱን ሳያይ የመጀመሪያውን ፊርማ ብቻ አይቶ ከፈረመ፣ ፈራሚው አንድ ሰው ነው ማለት ነው። ሁለት ፊርማ የተፈለገው ሁለት ጥንድ ዓይን እንዲያይ ነው።

ከቦሳ ቂጦ፦ ባለቤቴ «ከቦርዱ ልቀቅ፣ አንድ ቀን ቤታችንን ያስወስድብናል» ትለኛለች። እውነት የግል ንብረቴ ድረስ ይመጣል?

ባለቤትህ ጥያቄዋ ትክክል ነው። ለአንተ የሚሆነው መልስ የየትኛው ቦርድ አባል እንደሆንክ በማየት ይወሰናል።

የመንግሥት ከሆነ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር ሾሞህ በመንግሥት ሥራ ላይ ከሆንክ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2126 ጉዳዩን ለሁለት ይከፍለዋል። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው ካሳውን ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል። መንግሥት ግን ከፍሎ ሲያበቃ ወደ አንተ ዞሮ ሊጠይቅህ ይችላል። ጥፋቱ የግልህ ከሆነ መንግሥት የለበትም፤ አንተና ተጎጂው ትተያያላችሁ። የሥራ ጥፋት የሚባለው ምንድን ነው? ቀጥሎ ያለው ቁጥር 2127 እንደሚለው፣ በሥልጣንህ ክልል ውስጥ እንዳለህና ለመንግሥት ጥቅም እንደምትሠራ በቅን ልቦና አምነህ ያደረግከው ነው። ለአማችህ ሱቅ እንዲመች የመንገዱን ፕላን ማጣመም እዚህ ውስጥ አይገባም።

አክሲዮን ማኅበር ከሆነ የሚገዛህ የንግድ ሕጉ ነው፣ አዋጅ 1243/2013። ሕግን ወይም መተዳደሪያ ደንብን ጥሳችሁ ማኅበሩን ከጎዳችሁ ተጠያቂነቱ በአንድነትና በነጠላ ነው። ይቺ ሐረግ በአዳራሽ ስትነበብ ማንም አይደነግጥም። ትርጉሟ ግን ሰባት ሆናችሁ ያጠፋችሁትን፣ ስድስቱ ኪሳቸው ባዶ ከሆነ፣ ሰባተኛው ሙሉውን ሊጠየቅ ይችላል ነው። ጅማ ላይ ቤት ያለህ ሰባተኛው አንተ ከሆንክ፣ ባለቤትህ የፈራችው እሱን ነው።

ብዙዎችን ሳያስቡት የሚይዛቸው ግን ትልቅ ውሳኔ አይደለም። ከሠራተኛ ደመወዝ የተቀነሰ ግብርና ጡረታ ነው። ለጡረታው ከሠራተኛው 7 በመቶ ተቆርጧል፣ ከአሠሪው 11 በመቶ መጨመር ነበረበት፣ ገንዘቡ ግን «ለጊዜው» ለሌላ ሥራ ዋለ። የታክስ አስተዳደር አዋጁ 983/2008 ድርጅቱ ያልከፈለው ግብር ከኃላፊዎቹ እንዲፈለግ በር ይከፍታል። መከላከያህ «አላወቅኩም ነበር» ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ለማወቅ ምን ጥረት እንዳደረግክ ትጠየቃለህ። ስለዚህ በየስብሰባው አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ «የዚህ ወር ግብርና ጡረታ ገብቷል? ደረሰኙን እንየው።» መልሱ ይመዝገብ። በቃ። አሰልቺ ሰው ይሉህ ይሆናል።

ለባለቤትህም ይሄን ንገራት።

ከጊንጆ፦ አንድ ግዢ ላይ አልተስማማሁም ነበር። ተከራከርኩ። በኋላ ግን ፀብ እንዳይሆን ዝም አልኩ፣ ቃለ ጉባኤው ላይም ፈረምኩ። አሁን ግዢው ችግር አመጣ።

አዝናለሁ ወንድሜ። ወረቀቱ የሚያሳየው የተስማማህ ሰው ነው። ክርክርህ በአየር ላይ ቀርቷል። አብረውህ የነበሩ ይመሰክሩልህ ይሆናል፤ እነሱ ራሳቸው ተጠያቂ ሲሆኑ ግን ማን ምን እንደሚያስታውስ እንጃ።

ለወደፊቱ፦ ተቃውሞን በቃለ ጉባኤ ማስጻፍና ለኦዲተሩ ማሳወቅ ጥፋት የሌለበትን የቦርድ አባል ከተጠያቂነት የሚያወጣ መንገድ መሆኑ በቀድሞው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ሳይቀር ተጽፎ ነበር። «ተቃውሞዬ ይመዝገብ» ማለት ስድብ አይደለም። እኛ አገር ግን እንደ ስድብ ይቆጠራል፤ ይሄ ይሉኝታ ስንቱን ፍርድ ቤት አመላልሶታል። ረጋ ብለህ፣ ቡናው ሳይቀዘቅዝ፣ ፈገግ ብለህ በለው። ከዚያ መዝገቡን አንብበህ ፈርም።

ከዚያው ጠያቂ፦ ስብሰባውን ብቀርበትስ ኖሮ?

ይብስ ነበር። መቅረት አስተያየት አይደለም።

ከመርካቶ ሰፈር፦ ቦርዳችን ለቢሮ ወንበርና ጠረጴዛ ሊገዛ ነው። ወንድሜ እንጨት ቤት አለው፣ ሥራው የታወቀ ነው፣ ዋጋውም ጥሩ ነው። በእኔ ምክንያት ይቅርበት?

የጅማ እንጨት ሥራ ከባለሦስት እግሩ በርጩማ ጀምሮ ስሙ የታወቀ ነው፤ ወንድምህ አይቅር። አንተ ውጣ። አጀንዳው ሲደርስ «ወንድሜ ተወዳዳሪ ነው» በል፤ ይጻፍ። ከክፍሉ ወጥተህ ቡናህን ጠጣ፤ ሲጨርሱ ይጥሩህ። የወጣህበትና የተመለስክበት ሰዓትም ይጻፍ። ቁጭ ብሎ ዝም ማለት አይበቃም፤ ፊትህን እያዩ ማን ይቃወማል?

የፕሮፎርማ፣ የዋጋ ማቅረቢያው፣ ነገርም አለ። አንድ ጊዜ ሦስት ፕሮፎርማ መጣልን፤ ሦስት የተለያየ ማህተም። ሦስቱም ላይ «ጠረጴዛ» የሚለው ቃል በተመሳሳይ መንገድ ተሳስቶ ተጽፏል። ሦስት ድርጅት፣ አንድ እጅ። ዋጋ ብቻ ያየ ሰው ያልፈዋል።

ከሂርማታ፦ ማኅበራችን ገበያ አጠገብ ሼድ አለው። ባለፈው ክረምት በዝናብ አንድ ጎኑ ወድቆ አንድ ኩሊ እግሩን ተሰበረ። ቀኑ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ ባለመሆኑ ነው እንጂ ብዙ ሰው ይጎዳ ነበር። ቦርዱ ተጠያቂ ነው ወይስ ማኅበሩ?

ተጎጂው መጀመሪያ የሚያየው የሕንፃውን ባለቤት ነው፤ ባለቤቱ ማኅበሩ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2077 መሠረት ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ይከፍላል፤ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ። «ዝናቡ ነው» አያድንም። የካሳ ጥያቄው የጊዜ ገደብ ሁለት ዓመት ነው። ሰውየው ሳይከስ በፊት ሄዳችሁ ብትነጋገሩ ለሁላችሁም ይሻላል፤ ኩሊ እግሩ ነው እንጀራው።

የቦርዱ ጉዳይ የሚወሰነው በመዝገባችሁ ነው። የጥበቃ ሠራተኛው ወይም ሥራ አስኪያጁ «ምሰሶው በስብሷል» ብሎ አመልክቶ ነበር? እናንተስ ምን አላችሁ? ብዙ ቃለ ጉባኤ ውስጥ የማገኘው መልስ «ይታይ» ነው። ማን ይየው? መቼ? በምን ገንዘብ? «ይታይ» ብሎ ያለፈ ቦርድ ማወቁን ራሱ ጽፎ ፈርሟል፤ አለማድረጉንም እንዲሁ። በጀት ከሌለ ቢያንስ ገመድ ወጥሮ ሰው እንዳይገባ ማድረግ ይቻል ነበር።

ከቆጪ፦ ዳላስ ያለው የአጎቴ ልጅ የከተማቸው የኢኮኖሚ ልማት ቦርድ አባል ሆኗል። እዚያስ እንዴት ነው?

ዳላስ ባለችበት ቴክሳስ ውስጥ «ዓይነት ቢ» የሚባለው የከተማ ልማት ቦርድ ሰባት አባላት አሉት፤ የከተማው ምክር ቤት ይሾማቸዋል፤ የሥራ ዘመናቸው ሁለት ዓመት ነው። ገንዘቡ ነዋሪው በድምፁ ከፈቀደው የሽያጭ ታክስ ይመጣል። አጀንዳው ከቀናት በፊት ለሕዝብ ይለጠፋል፣ ስብሰባው ክፍት ነው። ወደ ከተማው ሊመጣ ስላለ ባለሀብት በዝግ መወያየት ይችላሉ፤ ድምፅ መስጠት ግን በአደባባይ ነው።

እኔን የገረመኝ አጀንዳ ላይ ባልተለጠፈ ጉዳይ መወሰን አለመቻላቸው ነው። እኛ ጋ «ልዩ ልዩ» የሚባል አጀንዳ አለ፤ ሁልጊዜ የመጨረሻው። ሰው ደክሟል፣ ግማሹ ቁልፉን በእጁ ይዟል፣ የመግሪብ ሰዓት ደርሷል። ያኔ ነው «አንዲት ትንሽ ነገር» ተብሎ የመኪና ግዢ የሚቀርበው። በእኔ ቦርድ በኋላ ላይ ደንብ አወጣን፦ በልዩ ልዩ ማሳወቅ እንጂ ገንዘብ መወሰን የለም። አንድ ሰብሳቢ አኮረፉ። ደንቡ ግን ጸና።

ከጅሬን መንገድ፦ እኔ የዕድር ሰብሳቢ ነኝ። ይሄ ሁሉ እኔንም ይመለከታል?

እርስዎን በከፊል ነው። የሙስና ወንጀሎች አዋጁ 881/2007 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አልፎ ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ ድርጅቶችንም ይይዛል፤ አክሲዮን ማኅበሩም እዚያ ውስጥ ነው። ዕድርን ግን በስሙ ጠቅሶ አውጥቶታል። ይህ ማለት የዕድር ገንዘብ ቢበላ አይጠየቅም ማለት አይደለም፤ እምነት ማጉደል በወንጀል ሕጉ አለ። ለነገሩ ዕድር ሰብሳቢን ከፍርድ ቤቱ በፊት የሚፈርድበት ድንኳኑ ስር የተቀመጠው ሰው ነው።

ከአጂፕ፦ የሥራ ዘመኔ ካለቀ አራት ወር ሆኖኛል። አዲሱ ቦርድ ተመርጧል፤ ማህተሙ ግን እስካሁን እኔ ቤት ነው። የጠየቀኝ የለም።

ነገ ጠዋት መልስ። በእጅ አትስጥ፤ በርክክብ ሰነድ። ማህተም፣ የቼክ ደብተር ካለህ ከስንተኛው ቅጠል ጀምሮ እንደሆነ፣ ቁልፍ፣ የቃለ ጉባኤ መዝገብ እስከ ስንት ገጽ፤ ሁሉም ተቆጥሮ፣ ሰጪና ተቀባይ ፈርሞ፣ አንድ ቅጂ ለአንተ። ባንኩ ጋም ደውልና ስምህ ከፈራሚነት መነሳቱን በደብዳቤ እንዲያረጋግጡልህ አድርግ። እስከዚያው ማህተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆልፍበት። ልጆች የቤት ሥራቸው ላይ ይመቱበታል። የእኔዎቹ መተውበታል።