ፖሊሽኛን በአማርኛ ጆሮ

ጥያቄ፦ ለማስተርስ ወደ ፖላንዷ ከተማ ክራኮው ልሄድ ነው። እንግሊዝኛዬ ጥሩ ስለሆነ ፖሊሽኛን በእንግሊዝኛ በተዘጋጀ መተግበሪያ ጀመርኩ። ቃላት እይዛለሁ፤ ግን ስናገር አይገባቸውም፣ የቃላቱ መጨረሻም በየቦታው እየተቀያየረ ግራ አጋባኝ። ከየት ልጀምር? (ተማሪ፣ ሴት)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በእንግሊዝኛው የሰዋስው ማብራሪያ ያንብቡበት፤ ለድምፁ ግን አማርኛዎ ይሻላል። ች፣ ሽ፣ ዥ እና ኝ በፖሊሽኛ ሞልተዋል። የሚያሳስተው የላቲኑን ፊደል በእንግሊዝኛ ልማድ ማንበብ ነው። ደብሊው «ቭ»፣ ጄ «ይ»፣ ሲ በአብዛኛው «ትስ»፣ ጭረት ያላት ኤል «ው»፣ ጭረት ያላት ኦ ደግሞ «ኡ» ናቸው። ቃል መጨረሻ ላይ «ቭ» ወደ «ፍ» ስለሚለወጥ የሚሄዱባትን ከተማ አገሬው ክራኩፍ ይላታል። ብዙ ሰው ሎድዝ ብሎ የሚያነባት ሌላዋ የፖላንድ ከተማም ዉች ናት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አጫጭር ቅጂዎችን እያዳመጡ በግዕዝ ፊደል ይጻፉ፤ ከዚያ ከላቲኑ ጽሑፍ ጋር ያስተያዩ።

ስም በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እንደ ሥራው በ7 መልክ ይመጣል። ሰንጠረዡን መሸምደድ ብዙም አይረዳም፤ ሲናገሩ ሰንጠረዥ ለመፈለግ ጊዜ የለም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይያዙ። «ፖፕሮሼ ካቬ ዝ ምሌኪዬም፣ ቤስ ትሱክሩ» ማለት «ቡና በወተት፣ ያለ ስኳር፣ እባክዎ» ነው። መዝገበ ቃላት ውስጥ ቡና ካቫ፣ ወተት ምሌኮ፣ ስኳር ትሱኪዬር ናቸው። ካቫ ተሳቢ ሲሆን ካቬ ሆነ፤ «ዝ» ምሌኮን፣ «ቤስ» ደግሞ ትሱኪዬርን ለወጡ። በአንድ ትዕዛዝ ሦስት መልክ ያዙ ማለት ነው። ሻይ ከፈለጉ ሄርባታን እንደ ካቫ አድርገው «ሄርባቴ» ይበሉ። አፍራሽ ዓረፍተ ነገርም ተሳቢውን ይለውጣል፦ «ማም ቻስ» ጊዜ አለኝ፣ «ኒዬ ማም ቻሱ» ጊዜ የለኝም።

ሴት ስለሆኑ አንድ ነገር ከአሁኑ ይጠንቀቁ። «ሠራሁ» ለማለት ወንድ «ሮቢዌም»፣ ሴት «ሮቢዋም» ትላለች፤ የወንድ ድምፅ ብቻ እየተከተሉ ካጠኑ የወንዱን ይለምዳሉ። የማያውቁትን ትልቅ ሰው ወንድ ከሆነ ፓን፣ ሴት ከሆነች ፓኒ ይበሉ፤ ግሱ «እሱ» ወይም «እሷ» እንዳሉ ሆኖ ይረባል። ተማሪዎች እርስ በርሳቸው አንተ፣ አንቺ ይባባላሉ።

ጥያቄ፦ መጽሐፌ ለ«መሥራት» ሮቢች እና ዝሮቢች የሚሉ ሁለት ግሶች ሰጠኝ። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ሮቢች በሂደት ላይ ላለ ወይም ለሚደጋገም፣ ዝሮቢች ለሚፈጸም ሥራ ነው። የአማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳተው የወደፊቱ ላይ ነው፤ የኛ «እሠራለሁ» ለዘወትርም ለነገም ያገለግላልና። «ሮቢዬ» እየሠራሁ ነው ወይም ዘወትር እሠራለሁ፣ «ዝሮቢዬ» ግን ሠርቼ እጨርሳለሁ ነው፤ ለአሁን አይሆንም። አዲስ ግስ ሲመዘግቡ ጥንዱን አጠገቡ ይጻፉ። ጥንዱ ሁልጊዜ መነሻው ላይ ፊደል በመጨመር አይገኝም፦ የሙቪች፣ «መናገር»፣ ጥንድ ፖቪዬጄች ነው።